የወይዘሮ ዘነበወርቅ ውሾችና የሰብሪያ እጅ

ሰብሪያ ሀምዱ ውሻ ትጸየፍ ነበር። ይህ ብቻውን የሚጻፍ ነገር አይደለም፤ ኮልፌ ገበያ ዙሪያ ከኖሩት የስልጤ እናቶች መካከል ውሻ የማይጸየፉትን መቁጠር ይቀላል። የሚጻፈው ቀጥሎ ያለው ነው። በዚያን ዘመን፣ በ፲፱፻፷ዎቹ መጀመሪያ፣ በመላው ኮልፌ የእሷን ያህል የውሻ ጠጉር በእጁ ያለፈ ሰው አልነበረም።

የምትሠራው ከገበያው በላይ ባለው ቪላ፣ ወይዘሮ ዘነበወርቅ ዘንድ ነበር። የወይዘሮ ዘነበወርቅ ባል የጦር መኮንን ነበሩ፤ ሲሞቱ ልጅ አልተዉም። የተዉት የግድግዳ ፎቶግራፎች፣ አንድ ትልቅ ስጋጃና ከውጭ ያስመጧቸው ሁለት የጀርመን ውሾች ነው። ወንዱ ጃክ፣ ሴቷ ሪታ ይባላሉ። ሰብሪያም ባሏ ከሞተ በኋላ ከልጇ ከፋሪዳ ጋር በዚሁ ግቢ ሰርቪስ ቤት ገባች። ቤት ማጽዳቱና ልብስ ማጠቡ የእሷ፣ ወጥ ቤቱ ደግሞ ከከፋ የመጣችው የጤናዬ ሆነ።

እንግዲህ ጠጉሩን እንመልከት፤ ጠጉሩን ያልተረዳ ሰብሪያን ሊረዳ አይችልምና። የእነዚህ ውሾች ጠጉር ድርብ ነው። ላይኛው ረጅምና ሸካራ ሲሆን ዝናብ ያንሸራትታል። ከሥሩ ግን እንደ ተነደፈ ጥጥ የለሰለሰ፣ ግራጫማ፣ ብርድ የሚከላከል ሌላ ጠጉር አለ። ብርድና ሙቀት በየተራ በሚፈራረቁበት አገራቸው ይህ የውስጠኛው ጠጉር በወቅቱ ይረግፋል፤ ውሻው ወቅቱን የሚያውቀው በቀኑ መርዘምና ማጠር ነው። አሁን ይህን ውሻ አምጥታችሁ ቀኑና ሌሊቱ ዓመቱን ሙሉ እኩል ሊሆን ጥቂት በሚቀረው በአዲስ አበባ ብታኖሩት ምን ይሆናል? መልሱ በጣም ደስ የሚል ነው፤ አካሉ ይምታታበታል። መቼ መጣል እንዳለበት ስለማያውቅ ሁልጊዜ ይጥላል። መስከረም ይጥላል፣ ጥር ይጥላል፣ ሰኔ ይጥላል።

ለሚያስረዳ ሰው ደስ የሚለው ነገር ለሚጠርግ ሰው አያስደስትም። ጠጉሩ ስጋጃው ውስጥ ተሸምኖ ሌላ ስጋጃ ሆኗል። በሶፋው ስፌት ውስጥ፣ በመጋረጃው እጥፋት፣ በባኞው ማፍሰሻ ከሳሙና አተላ ጋር ተጠቅልሎ እንደ ሞተ አይጥ ተጋድሟል። ጤናዬ ቅቤ ስታነጥር አረፋው ላይ ይንሳፈፋል። የወይዘሮ ዘነበወርቅ ነጠላ ታጥቦ፣ ደርቆ፣ ተተኩሶም ቢሆን ከፀሐይ ፊት ሲዘረጋ ጢም ያበቀለ ይመስላል። ሰብሪያ ጠዋት ስትነሳ ጉሮሮዋ ውስጥ አንዲት ክር ትሰማለች፤ ትስላለች፣ ትተፋለች፣ ጣቷን ከታ ትጎረጉራለች፤ ክሯ ግን እንዳለች ነች። እውነት ትኑር አትኑር እሷም አታውቅም። ይህ ከሁሉ ይብስባታል።

ወይዘሮ ዘነበወርቅ በበኩላቸው ውሾቹን አፍ ለአፍ ይስሙ ነበር። ጃክ ያኘከውን ዳቦ ግማሹን ይነጥቁትና ይበሉታል። ሰብሪያ ይህን ባየች ቁጥር ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራ መስተዋት የምትወለውል ትመስላለች።

«ሰብሪያ፣ ምነው ያን መስተዋት ደጋግመሽ ፈተግሽው?» ይሏታል።

«ቆሽሿል እሜቴ።»

«እኔ ምንም አይታየኝ።»

«ለእኔ ይታየኛል።»

ጉዳዩ ግን መጸየፍ ብቻ አልነበረም። ሰብሪያ በምትከተለው ሥርዓት የውሻ ለሃጭ፣ ወይም የውሻ ርጥበት የነካው ነገር ሰባት ጊዜ ይታጠባል፤ ከሰባቱ አንዱ በአፈር ነው። ካልታጠበ ሰላት አይሰገድበትም፣ አይበላበትም። ስለዚህ ከጓሮው ቧንቧ አጠገብ ንጹሕ ቀይ አፈር በቆርቆሮ አስቀምጣለች። ጃክ እጇን በላሰ ቁጥር ወደ አፈሩ ትሄዳለች፤ ሪታ ቀሚሷ ላይ በተራገፈች ቁጥር ቀሚሷን ቀይራ ወደ አፈሩ ትሄዳለች። እጇ ከመታጠብ ብዛት ተሰነጣጥቆ ነበር። የሰፈሩ ሼህ አንድ ቀን አዘኑላትና አንድ ትልቅ ልዩነት አስረዷት፤ ርጥብ ያስተላልፋል፣ ደረቅ በደረቅ ግን አያስተላልፍም። ደረቅ ጠጉር ደረቅ እጅ ላይ ቢያርፍ ይራገፋል፣ ያልቃል። ሰብሪያ ይህን ትምህርት እንደ ስጦታ ተቀበለችው። ከዚያ ወዲያ በዓለም ላይ ያለውን ነገር ሁሉ ርጥብና ደረቅ ብላ ለሁለት ከፈለችው።

አንድ የአቧራ መሳቢያ መኪና ወደዚያ ቤት የገባው በዚህ መሐል ነው። አጎራባች ቪላ ይኖሩ የነበሩ አንዲት ፈረንጅ መምህርት ወደ አገራቸው ሲመለሱ ለወይዘሮ ዘነበወርቅ ሰጧቸው። ሁለት ዊልና ረጅም የጎማ ቱቦ ያለው፣ የወይን ጠጅ ቀለም የተቀባ በርሜል መሳይ ነገር ነበር። አሠራሩ ቀላልና የሚያስደንቅ ነው። በሆዱ ውስጥ ሞተር አለ፤ ሞተሩ አየር ከፊት ይስባል፣ ከኋላ ያስወጣል። ከፊት ባለው ቀዳዳ ቱቦ ይሰካል። አየሩ አቧራውን ይዞ በቱቦው ይገባና የጨርቅ ከረጢት ውስጥ ያልፋል፤ ጨርቁ አየሩን ያሳልፋል፣ አቧራውን ያስቀራል። የተጣራው አየር ሞተሩን አልፎ ከኋላ ይወጣል። ቱቦውን ከኋላ ብትሰኩት ደግሞ መሳቡ ይቀርና ይነፋል።

ሰብሪያ ስጋጃውን ሳበችበት። ስጋጃው ለመጀመሪያ ጊዜ ቀይ መሆኑ ታወቀ። ከሰዓት በኋላ ግን ጃክ ላዩ ላይ ተንከባለለበትና መልሶ ግራጫ አደረገው። ሰብሪያ ቆማ አየችው። ከዚያ ጃክን አየችው። ከዚያ ቱቦውን አየችው።

«እሜቴ፣» አለች፣ «ስጋጃውን ከምስበው ውሻውን ብስበውስ?»

ወይዘሮ ዘነበወርቅ ሳቁ። «ልጄን በመኪና ልታስውጪው ነው?»

«ጠጉሩን ብቻ እሜቴ። የተቀረው ለእርስዎ ይቀመጣል።»

እንዴት እንዳስለመደቻቸው በዝርዝር መናገር ይገባል፤ ሥራው ትዕግሥት የተሞላበት ነበርና። በመጀመሪያ መኪናውን ሌላ ክፍል ውስጥ አስነስታ በሩን ዘጋች፤ ውሾቹ ድምፁን እየሰሙ ጤናዬ ጥብስ ቅንጥብጣቢ ወረወረችላቸው። ድምፁ ሥጋ ማለት መሆኑን ሲያውቁ በሩን ከፈተችው። ቀጥሎ ያልተነሳውን መኪና አጠገባቸው አስቀምጣ እንዲያሸቱት ተወቻቸው። በመጨረሻ ሁለቱን አገናኘች። ከመሳቧ በፊት በብረት ማበጠሪያ የረገፈውን ታላላለች፤ ካልላላ መኪናው ላይ ላዩን ልሶ ያልፋል። ከዚያ ቱቦው ጫፍ ላይ የተሰካውን ብሩሽ በጠጉሩ አወራረድ፣ ከአንገት ወደ ጅራት ትነዳዋለች። ወደ ጆሮና ወደ ፊት አታቀርበውም። በቱቦው መያዣ ላይ ተከፍቶ የሚዘጋ ትንሽ ቀዳዳ አለ፤ ሆድ ሥር ቆዳው ስስ ስለሆነ ቀዳዳዋን ከፍታ ጉልበቱን ትቀንሳለች። ሞተሩ ሲግል ታሳርፈዋለች። ከሁሉም በላይ ደግሞ ውሻው ደረቅ መሆን አለበት። ይህን ሕግ ከመኪናው ጋር የመጣ ወረቀት አይደለም የነገራት፤ ሼሁ ናቸው።

ውጤቱ ግሩም ነበር። የቅቤው አረፋ ጠራ። ነጠላው ጢሙን ተላጨ። በጉሮሮዋ ያለችው ክር እንኳ አንዳንድ ጠዋት ትጠፋለች።

የቀረው ከረጢቱን ማራገፍ ነው፤ ለዚህኛው በጎ ቃል ፈልጌ አላገኘሁለትም። ሰብሪያ አፍና አፍንጫዋን በሻሽ ጠቅልላ፣ ከረጢቱን ጓሮ ወስዳ ትገለብጠዋለች። የሚወጣው ጠጉር ብቻ አይደለም። ተደፍጥጦ የከረጢቱን ቅርጽ የያዘ፣ ለብ ያለ፣ እንደ አዲስ ወላድ ግልገል የሚለሰልስ ድቡልቡል ነገር ዱብ ይላል። ውስጡ ፎረፎር አለ። ቁንጫ አለ፤ አንዳንዱ ሞቷል፣ አንዳንዱ ይዘላል። የደረቀ እከክ አለ። ደም ጠጥታ እንደ ባቄላ ያበጠች መዥገር እግሮቿን ስታወራጭ ትገኛለች። ሽታው የቆየ ስብና የሻገተ ጆንያ ነው። ሰብሪያ ትንፋሿን ይዛ በዱላ ወደ ጉድጓድ ትገፋዋለች፣ ታቃጥለዋለች፤ ከዚያ ምሳዋን ሳትበላ ትውላለች።

ጤናዬ ደግሞ የመኪናውን ሌላ ጥቅም አገኘች። ከሰል አልቀጣጠል ሲላት ቱቦውን ከኋላ ትሰካና ምድጃው ላይ ትነፋበታለች። ምድጃው ወዲያው ፍም ይሆናል።

«እይ እንግዲህ!» አለች ለሰብሪያ። «በአፉ ውሻ ይበላል፣ በቂጡ ከሰል ያቀጣጥላል። እንዲህ ያለ ባል ነበር የሚያስፈልገኝ።»

«ጤናዬ ሙች፣ የእኔን ድስት በእሱ ትንፋሽ እንዳትነኪብኝ።»

«ምን አለበት? አየር ነው እኮ። ከረጢቱ ያጠራዋል ያልሽኝ አንቺ አይደለሽም?»

«ያጠራዋል። ግን ከየት እንደመጣ አውቃለሁ።»

ወሬው ከግቢው ወጣ። ወሬ ደግሞ በመንገዱ ላይ ይወፍራል። ኮልፌ ገበያ ሲደርስ «ሰብሪያ ውሻ ታበጥራለች» ነበር፤ አስኮ ሲደርስ «ሰብሪያ ውሻ አጥባ ታስተኛለች» ሆነ። አስኮ የደረሰው ደግሞ በጣም ባልተፈለገበት ጊዜ ነው። ፋሪዳን ገበያው ውስጥ ጨርቅ የሚሸጠው ጀማል ሊያገባት ሽማግሌ ተልኮ፣ ነገሩ ተፈቅዶ ነበር። አስኮ የሚኖሩት የጀማል እናት ወይዘሮ አልፊያ ግን አንድ ነገር ቀራቸው። በእነሱ ወግ የሙሽራዪቱ እናት ለሙሽራው ወላጆች አተካና ትሠራለች። አተካና ቡላ፣ ቅቤና አይብ በዝግታ እሳት እየተማሰለ የሚሠራ የክብር ምግብ ነው። ከእናትየው እጅ የጎረሰ ሰው ልጇን ተቀበለ ማለት ነው። ካልጎረሰ ሽማግሌው የተናገረው ሁሉ ነፋስ ይወስደዋል።

ፋሪዳ መልእክቱን ይዛ መጣች። የልብስ ስፌት መርፌ ቀሚሷ ደረት ላይ እንደተሰካ ነበር።

«ጁምዓ ከሰላት በኋላ ይመጣሉ እማ። ጀማል እንዳለኝ እናቱ ‹አያለሁ› ብለዋል። ‹እበላለሁ› አላሉም።»

«ምን ለማየት?»

«እጅሽን።»

ሰብሪያ እጇን ዘርግታ አየችው፤ የተሰነጣጠቀ፣ በስንጥቆቹ መሐል ቀይ አፈር የገባበት እጅ ነው።

«ውሾቹን ተያቸው እማ፣ እስከ ጁምዓ ብቻ። ጤናዬ ትያዛቸው።»

«እስከ ጁምዓ እኔ ብተዋቸው ጠጉሩ ይተዋቸዋል? ቡላ ነጭ ነው ልጄ። አንዲት ጠጉር ብታርፍበት ከአስኮ ትታያለች። የዚያን ቀን ከወትሮው አብልጬ ነው የምስባቸው።»

እናትና ልጅ ተያዩ። ፋሪዳ ልታለቅስ ነበር፤ ግን እናቷ ያለችው ልክ ስለሆነ ለቅሶው አፈረ።

ጁምዓ ጠዋት ሰማዩ ዳምኗል። ሰብሪያ በሪታ ጀመረች፤ መልካም ሄደ። ሊያልቅ ሲል ግን ሪታ ከመጠጫ ሳህኗ ውኃ ልትጠጣ ዞር አለች። ብሩሹ አብሯት ዞረና ሳህኑ ውስጥ ገባ። መኪናው ውኃውን፣ ለሃጩን፣ ሳህኑ ግርጌ የዘቀጠውን አተላ ሁሉ እየተንዶቀዶቀ ጠጣው።

ሰብሪያ መኪናውን አጥፍታ ከረጢቱን አወጣችው። ርሷል። ያ ለስላሳ ድቡልቡል ተለውሶ ጥቁር ጭቃ መስሏል፤ በጣቶቿ መሐል ተንጠባጠበ። የውሻ ጠጉር ሲርስ የሚሸተው ሽታ በቃል የሚነገር አይደለም፤ እግር፣ ዓሣና የቆየ ጨርቅ አንድ ላይ ሆነው ነው። ቁርስ ያልበላችው ሰብሪያ ኮምጣጣ ውኃ ብቻ አስመለሳት።

ሌላ ሰው ቢሆን ከረጢቱን ጨምቆ መልሶ ያስገባው ነበር፤ መኪናውም ይሠራ ነበር። ሰብሪያ ግን ያንን ለማድረግ አትችልም። ርጥብ ነዋ። ከረጢቱን በአፈር አሸች፣ ሰባት ጊዜ አጠበች፣ እጇንም አጠበች፣ ገመድ ላይ ሰቀለችው። ፀሐይ የለም። ከረጢቱ ይንጠባጠባል። ጃክ ደግሞ፣ ከሁለቱ የባሰው ጃክ፣ ሳይሳብ በረንዳው ላይ ቆሞ ራሱን ባራገፈ ቁጥር ደመና ይነሳል።

ቆማ አሰበች። ከረጢቱ የሚቀመጠው በመኪናው ሆድ ውስጥ ነው። ከረጢቱ ባይኖርም ሆዱ አለ። ጠጉሩ ሆዱ ውስጥ ይቀመጥ፣ ማታ አወጣዋለሁ አለች። መኪናውን በደረቅ ጨርቅ ወለወለችና ክዳኑን ገጥማ አስነሳችው።

መጀመሪያ ላይ እንዲያውም በረታ። ይህ የሚጠበቅ ነው፤ አየሩን የሚይዝ ጨርቅ የለማ! ጃክ ቆዳው እየተነሳ እስኪታይ ተሳበ። ቆይቶ ግን ድምፁ ተለወጠ፤ እንደ ትንኝ ቀጠነ፣ መሳቡም ደከመ። ሰብሪያ ሞተሩ ጋለ ብላ አጠፋችው። ውሾቹን ጋራዥ ውስጥ ቆለፈች፣ ሰውነቷን ታጠበች፣ ልብሷን ለወጠች፣ ከሰርቪሷ ደጃፍ ምድጃ ጥዳ አተካናውን ጀመረች።

ከሰሉ ጠዋት ካፊያ ነክቶት ነበር። ይጨሳል እንጂ አይነድም። ቅቤው ቀልጦ፣ ቡላው ገብቶ፣ ገና በመማሰል ላይ ሳለ ከበር በኩል «አሰላሙ አለይኩም!» የሚል የሽማግሌ ድምፅ መጣ። የጀማል አባት ሀጂ ጀላልና ወይዘሮ አልፊያ ከአስኮ የመጡበት አውቶቡስ ፈጥኖ፣ ከታሰበው ቀድመው ደርሰዋል። ሰብሪያ ማማሰያውን ለጤናዬ ሰጥታ ወደ በሩ ሮጠች።

ጤናዬ ድስቱን አየች፣ የሚጠፋውን ከሰል አየች። የጓደኛዋ ልጅ ትዳር በጢስ ሊበላሽ ሆነ። መኪናው ኮሪደሩ ላይ ነው፣ ሶኬቱም ቅርብ ነው። ቱቦውን ነቅላ ከኋላ ሰካችው፣ አፉን ወደ ምድጃው አዞረች፣ ማብሪያውን ተጫነች።

አሁን በመኪናው ውስጥ ምን እንደነበረ እናስብ። ከሞተሩ ፊት ወንፊት አለ። ከረጢት ስላልነበረ የጃክ ጠጉር በቀጥታ ሄዶ ወንፊቱን ከግማሽ በላይ ደፈነው፤ ከዚያ በኋላ የመጣው መግቢያ ጠቦት ቱቦው ውስጥ ተጠቅጥቆ ቀረ። ድምፁ የቀጠነው ለዚህ ነበር። ያ ቱቦ ነው እንግዲህ አሁን ከኋላ የተሰካው።

ሰብሪያ እንግዶቹን ይዛ ከቤቱ ጥግ ብቅ ስትል ቱቦው እንደሚያስመልስ ሰው አጓራ። ጭራ የሚያህል ግራጫ ነገር ተወርውሮ ፍሙ ላይ ወደቀና ተንጣጣ። የተከተለው ተበታትኖ ወጣ፤ አመድና ጠጉር፣ ጠጉርና ፎረፎር፣ እንደ በረዶ ወደ ላይ ወጥቶ ቀስ እያለ ወረደ። በጤናዬ ሻሽ ላይ ወረደ። በማማሰያው ላይ ወረደ። በነጩ አተካና ላይ ወረደና የቀለጠው ቅቤ እያብለጨለጨ ተቀበለው። የተቃጠለ ጠጉር ሽታ ግቢውን ሞላው፤ ምላስ ላይ የሚቀመጥ፣ ቢውጡትም የማይወርድ ሽታ።

ሀጂ ጀላል ጋቢያቸውን አፍንጫቸው ላይ ሰበሰቡ። «ሱብሃነላህ! ይሄ ምንድን ነው?»

«ማን ሞቶ ነው የሚቃጠለው?» አሉ ወይዘሮ አልፊያ።

ጤናዬ መኪናውን አጥፍታ ቅንድቧ ላይ የተጣበቀውን ጠጉር ሳታነሳ ወደ ሰብሪያ ተጠጋች። ያንሾካሾከች መስሏታል፤ ከመኪናው ጩኸት በኋላ ጆሮዋ ደንቁሮ ስለነበር ግን ጮክ ብላ ነው የተናገረችው።

«ላይ ላዩ ነው ሰብርዬ፣ እግዚአብሔርን! በማንኪያ ገፍፌ አነሳዋለሁ። እነሱ ይግቡ፣ አንቺ አጫውቻቸው። ከሥር ያለውን ማን ያውቃል?»

ሰብሪያ ወደ ድስቱ ጎንበስ አለች። አንዲት ረጅም ጠጉር በቅቤው ላይ ክብ ሠርታ ትዞራለች። አጠገቧ አንዲት ቁንጫ እየዋኘች ነበር። ቅቤው ረግቶ ቢሆን ኖሮ የነካውን ዙሪያውን ቆርሶ ጥሎ የቀረውን መብላት እንደሚቻል ሰብሪያ ከልጅነቷ ጀምሮ ታውቃለች። የቀለጠ ግን ሁሉም አንድ ነው። የልጇ አማቶች ከአስኮ መጥተዋል፣ ሌላ ቡላ የላትም፣ ልጇ ከሰርቪሱ በር መጋረጃ ኋላ ቆማ ታያለች። ድስቱን በጨርቅ ይዛ አነሳችው።

«እትዬ አልፊያ፣ ሀጂ፣ አፉ በሉኝ፤» አለች። «ምግብ የለም። ይሄ አይበላም።»

ወደ ጉድጓዱ ልትወስደው ስትዞር ወይዘሮ ዘነበወርቅ በሽታው ተጠርተው በረንዳ ላይ ወጡ። «ኧረ ምን ነክቶሽ ነው ያንን ሁሉ ቅቤ የምትደፊው? ለልጆቼ ስጫቸው!» ብለው ጋራዡን ከፈቱት። ጃክና ሪታ እየተገፋፉ መጡ። ወይዘሮዋ ድስቱን ከሰብሪያ እጅ ተቀብለው፣ ለእንግዶቹ ተዘጋጅቶ በተቀመጠው አዲስ ጣባ ላይ ገልብጠው መሬት አኖሩት።

የአስኮ እንግዶች ቆመው አዩ። ውሾቹ የራሳቸውን ጠጉር ከነቅቤው ላፉት። አፋቸው አረፋ ሆነ፤ ሪታ ትኩስ ስለሆነባት እያስመለሰች ያስመለሰችውን መልሳ በላችው። ጃክ ጣባውን እየላሰ ግቢውን ሙሉ ገፋውና ሀጂ ጀላል ጫማ ሥር አደረሰው። ሀጂ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አሉ።

«አያችሁ እንዴት እንደሚወዱት!» አሉ ወይዘሮ ዘነበወርቅ ደስ ብሏቸው። «ባለሙያ ናት እኮ ሰብሪያ። ግቡ እንጂ፣ ምን ያቆማችኋል?»

ማንም አልገባም። ወይዘሮ አልፊያ ሰብሪያን ከራስ እስከ እግር ተመለከቷት። ሰብሪያ ዓይኗን አልሰበረችም፤ የምትሰብርበት ጉልበትም አልነበራትም።

«እዚህ ግቢ ውኃ እንኳ አልጠጣም፤» አሉ ወይዘሮ አልፊያ።

«አውቃለሁ እትዬ። እኔም ብሆን።»

«ያቺ ሴትዮ ‹ከላዩ ይነሳል› ስትልሽ ሰምቻለሁ።»

«እሷ ልትረዳኝ ነው። በእሷ አይፍረዱ።»

«በእሷ ማን ፈረደ?» ነጠላቸው ላይ ያረፈች አንዲት ጠጉር አይተው በሁለት ጣት አነሷትና፣ የት እንደሚጥሏት ስላጡ ለጥቂት ጊዜ ይዘዋት ቆሙ። «እሑድ አስኮ ነይ። ቡላውም ቅቤውም ከእኔ ቤት ነው። አንቺ እጅሽን ብቻ ይዘሽ ነይ። እኔ ፊት ለፊትሽ እቀመጣለሁ።»

እንግዶቹ ሲወጡ ጤናዬ ምድጃው አጠገብ ተቀምጣ ፊቷን በሁለት እጇ ይዛ ነበር። ሰብሪያ አልተቆጣቻትም። ሁለቱ አብረው ቱቦውን በረጅም እንጨት ጎረጎሩት። የቀረው ጠጉር አንድ ክንድ የሚረዝም ቋሊማ መስሎ ተንሸራቶ ወጣ። «ውይ፣ ወለደ!» አለች ጤናዬ፤ ሁለቱም ሳቁ፤ ከዚያ አፍንጫቸውን ይዘው በዱላ ወደ ጉድጓዱ ገፉት።

እሑድ ሰብሪያ ፋሪዳ የሰፋችላትን፣ ግቢው ውስጥ አንድም ቀን ያልተለበሰ ቀሚስ በወረቀት ጠቅልላ ይዛ ሄደች። የለበሰችው አስኮ ደርሳ፣ በወይዘሮ አልፊያ ጓዳ ነው። የመጣችበትን ልብስ ወይዘሮ አልፊያ ራሳቸው በእንጨት ጫፍ አንስተው አጥር ላይ ሰቀሉት። እጇን ታጠበች። ወይዘሮ አልፊያ ጥፍሯን አንድ በአንድ አዩ። ከዚያ በርጩማ ስበው ምድጃው ማዶ ተቀመጡ፤ ቅቤው ሲቀልጥ፣ ቡላው ሲነሰነስ፣ አይቡ ሲገባ፣ ዓይናቸው ከእጇ አልተነሳም። ሀጂ ጀላል ከሳሎን ሁለት ጊዜ «ደረሰ ወይ?» ብለው ጠየቁ።

አተካናው ጣባ ላይ ቀረበ። ነጭ፣ ወዛም፣ ጠርዙ ላይ ቅቤ ያቀረረ። ሰብሪያ በማንኪያ ቆርሳ በሁለት እጇ ዘረጋች። ወይዘሮ አልፊያ መጀመሪያ እጇን ይዘው ማንኪያውን ወደ ብርሃኑ አዙረው አዩት። አሸተቱት። ከዚያ ዓይናቸውን ጨፍነው ጎረሱት።

አላኘኩም። ሰብሪያ ጉንጫቸውን ታያለች፤ ምላሳቸው ከጥርስ ወደ ጥርስ፣ ከላንቃ ወደ ድድ እየዞረ ያቺን አንዲት ክር ሲፈልግ ከውጭ ይታወቃል። በዚያች ሰዓት ሰብሪያ ምላሳቸው የሚሰማውን ሁሉ በራሷ ምላስ ሰማችው። ፍለጋው ረዘመ። ፊታቸው ገና ከመብላቱ በፊት እንደ መረረው ሰው ተኮማትሮ ነበር፤ ጉሮሯቸው አንድ ጊዜ አልቀበልም አለ፣ እጃቸው ወደ አፋቸው ሄደ፣ ተመለሰ።

ዋጡት።

ዓይናቸውን ገልጠው ሰብሪያን አዩዋት። ፊታቸው አልተፈታም፤ የዚያ ግቢ ሽታ ገና ከአፍንጫቸው አልወጣም።

«ጨው አንሶታል፤» አሉ። ማንኪያውን ከእጇ ወስደው እንደገና ወደ ጣባው ሰደዱት።